ሰማያዊው ቅጥቅጥ

ወይዘሮ ረሂማ የሞቱት ለጉዞ ሁሉን ሸክፈው በጨረሱበት ጠዋት ነው። ኮምቦልቻ ውስጥ፣ ከዋናው አስፋልት ገባ ብሎ በሚገኝ ግቢ፣ በትልቁ በር የሲሚንቶ ምሰሶና በአንድ ሰማያዊ ቅጥቅጥ አይሱዙ የኋላ መሰላል መሀል ተጨፍልቀው ተገኙ። እኔ ስደርስ መኪናው ወደ ፊት ፈቀቅ ተደርጎ፣ አስከሬኑ በነጠላ ተሸፍኖ፣ ግቢው በሰው ተሞልቶ ነበር። እኛ አገር ፖሊስ የሚጠራው ሰፈርተኛው ሁሉ ገብቶ አይቶ ከወጣ በኋላ ነው። ዱካ የሚባል ነገር ከነበረም ተረግጦ አልቋል።

ስሜ ምንይሉ ነው፤ የወንጀል ምርመራ ኢንስፔክተር ነኝ። ትዕግሥተኛ ነኝ ብዬ አልዋሽም፤ ሰዉ እንዲወጣልኝ ጮህኩ። የሰማኝ የለም። አብራኝ የምትሠራው ሳጅን ሱሀይላ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "አብሽሩ ወገኖቼ፣ ለጀናዛው መንገድ ልቀቁ" ስትል ግቢው ባዶ ሆነ። እንዲህ ስታደርግ ብዙ ጊዜ አይቻታለሁ፤ ያናድደኛል።

ባልየው፣ ጡረታ የወጡት ሹፌር ጋሽ ጀላል፣ የቅጥቅጡ ደረጃ ላይ ተቀምጠው መሬት መሬት ያያሉ። በሂና የቀላው ጢማቸው ደረታቸው ላይ ወድቋል።

"ጋሽ ጀላል፣ አላህ ያጽናዎት" አልኳቸው ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብዬ። "ምን እንደሆነ ቢነግሩኝ?"

"ተንሸራተተ።"

"መኪናው?"

"ሞተር አላስነሳሁም። እኔ ውስጥ ዕቃ አስተካክላለሁ። እሷ ከኋላ የልብስ ገመዷን ትፈታለች። የሆነ ሰው ታኮውን አወጣው፤ ተንሸራቶ ሄዶ ገጫት።"

ታኮ የሚሉት ጎማ ሥር የምትቀመጠውን የእንጨት ሽብልቅ ነው። የዱሮ ሹፌር የእጅ ፍሬን አያምንም፤ ታኮ ሳያስደግፍ ከመኪናው አይወርድም። ጎንበስ ብዬ ጎማዎቹን አየሁ። ታኮው የለም።

"ማን አወጣው?"

"አላየሁም። ብቻ ሰው ነው።"

ያን የሰማው ሰፈርተኛ ከአጥሩ ውጭ ሆኖ መልሱን አቀበለኝ፤ "ብሩ ነው! ብሩን ያዙት!" ብሩ በዚያው ግቢ ጥግ ተከራይቶ አሮጌ ብረታ ብረት የሚሰበስብ ቁራሌ ነው። ቅጥቅጡ የጋሪዬን መውጫ ዘጋብኝ ብሎ ከባልና ሚስቱ ጋር ሲነታረክ ሰንብቷል። "አንድ ቀን ገፍቼ ነው የማወጣላችሁ!" ሲል መንደሩ ሁሉ ሰምቶታል። ለአንድ ቀን ይህን ያህል በቂ ነበር፤ ብሩን ከመንገድ ላይ አንስተን ወደ ጣቢያ ወሰድነው።

አስከሬኑ ለምርመራ ወደ ደሴ እስኪጫን ጋሽ ጀላል መኪናቸውን አሳዩኝ። ያዘነ ሰው ካላወራ ይታመማል ብዬ ዝም ብዬ ሰማኋቸው። ዕድሜያቸውን የጨረሱት በአሰብ መንገድ ነው፤ አሰብ ሲዘጋ በጅቡቲ መስመር ቀጠሉ። ጡረታ ሲወጡ እኩዮቻቸው ፒያሳ ካፌ በር ላይ ቁጭ ብለው አላፊ አግዳሚውን ማማት ጀመሩ። እሳቸው ግን አሮጌ ቅጥቅጥ ገዙ፣ ወንበሩን ነቃቀሉ፣ አልጋና የጋዝ ምድጃ አስገቡ፣ የኋላውን መስኮት በቁምሳጥን ደፈኑት። ከዚያ ወዲህ ባልና ሚስት በጋውን በጋላፊ ድንበር ወጥተው ጅቡቲ፣ ታጁራ ባሕር ዳርቻ ይከርማሉ፤ ሙቀቱ ሲብስ ኮምቦልቻ ይመለሳሉ። ምንጣፉን ረገጥ ሳደርገው አሸዋ ከጫማዬ ሥር ተንኮሻኮሸ።

"ጠዋት ጀልባዎቹ ሲገቡ ዓሣ እንገዛለን" አሉ። "ከዚያ ሥራችን ጥላ መከተል ነው። ጥላው ሲዞር መኪናውን እናዞራለን። ረሂማ ልብስ ካላጠበች አይሆንላትም፤ የባሕር ውሃ ሳሙና አያረፋም፣ ውሃ በጀሪካን ከሩቅ ይመጣል፣ እሷ ግን ታጥባለች። ከመሰላሉ እስካገኘችው ነገር ድረስ ገመድ ትወጥራለች። ማታ ሙቀት ሲበዛ ጣሪያ ላይ ነው የምንተኛ። በዚህ ዕድሜ ጣሪያ ይወጣል? እሷ ናት ያወጣችኝ።"

"መኪናውን ስታዞሩ ማን ይረዳዎት ነበር?"

"እሷ ናታ ረዳቴ! ጆሮዬ ከብዷል፤ ብትጮህ አልሰማትም። ጎኑን ስትመታው ግን ንዝረቱ በመሪው በኩል ይደርሰኛል። ሁለት ጊዜ ከመታች ና ነው። አንድ ጊዜ በኃይል ከመታች ግን..."

እዚያ ላይ አቋረጡ። ፊታቸው ተለዋወጠ። ሐዘኑ መጣባቸው ብዬ ትከሻቸውን ያዝኩና ወጣሁ።

ብሩ ጣቢያ ውስጥ ሲምል ቅዱሳኑን በሙሉ ጠራ።

"በእመቤቴ ይዤሃለሁ ጌታዬ፣ ጠዋት እዚያ ግቢ አልነበርኩም!"

"የት ነበርክ?"

"ከቦርከና ወንዝ ማዶ። ከአንዲት ሴትዮ አሮጌ ቆርቆሮ ስገዛ።"

ሱሀይላ ሴትዮዋን ፈልጋ አገኘቻት። ብሩ የመጣው ፀሐይ ከበረታ በኋላ ነው አለች። ተመልሼ ስጠይቀው ያንኑ መሐላ ደገመልኝ። ሚስቱ እየሩስ ሕፃን አዝላ፣ የምሳ ዕቃ ይዛ ጣቢያው በር ላይ ተቀምጣለች። ባለፍኩ ቁጥር ትነሳለች። "ተቀመጪ እንጂ" እላታለሁ፤ ትቀመጣለች፤ ሳልፍ ደግሞ ትነሳለች። እኔ ጥፋተኛ ይዣለሁ ብዬ ባመንኩበት ሰዓት እንኳ የዚያች ሴት መነሳት አላስቀመጠኝም።

በማግስቱ ወደ ግቢው ተመለስን። ከትልቁ በር ፊት ለፊት ሻይ የምትሸጠው ወይዘሮ አረጋሽ የዕቃ እጣቢዋን በበሩ ሥር ወደ ግቢው ደፋች። ልቆጣት አፌን ስከፍት ውሃውን አየሁት። በቅጥቅጡ ሥር ሾልኮ፣ በፊት ጎማዎቹ መሀል አልፎ፣ ግቢው ጀርባ ያለው ግንብ ሥር ሄዶ ተጠራቀመ። ሜዳ የመሰለኝ መሬት ከበሩ ወደ ግንቡ ያዘቀዝቃል። ቅጥቅጡ የቆመው ደግሞ አፍንጫውን ወደ ግንቡ፣ ጀርባውን ወደ በሩ አድርጎ ነው።

"ሱሀይላ፣ ይሄ መኪና ታኮው ቢወጣ ወዴት ይሄዳል?"

ውሃውን አየችና፣ "ወደ ግንቡ" አለች። "ሴትዮዋ ደግሞ በበሩ በኩል ነበሩ።"

"ስለዚህ በሞተር ነው ወደ ኋላ የመጣው።"

ብሩ ከጋሪ በቀር ምንም ነድቶ አያውቅም። ወይዘሮ አረጋሽን ጠየቅኳት፤ "ትናንት ጠዋት የመኪናው ሞተር ተነስቶ ነበር?"

"ኧረ ምን ነካህ፣ ተነስቶ ነበር እንጂ! ጭሱ ነው ደንበኞቼን ያባረረብኝ።"

"ለምን አልነገርሽንም?"

"ማን ጠየቀኝ? ትናንት ውጡ ብለህ ስትጮህብን ነበር።"

ሱሀይላ ወደ ሌላ አቅጣጫ ዞረች። መሳቋን አውቃለሁ።

"ሌላ ምን ሰማሽ?"

"ቆርቆሮው ሲመታ ሰማሁ፤ ዷ ዷ። ከዚያ መኪናው አጓራ፣ ከዚያ ጩኸት። ዋዜማውን ማታ ደግሞ ሲጨቃጨቁ ነበር። 'አልሄድም' የሚል ሰምቻለሁ። ማን እንዳለው እንጃ።"

ዷ ዷ ያለችውን ግጭቱ ነው ብዬ አለፍኩት። ያን ጊዜ ልቤን የያዘው ጭቅጭቁ ነበር። ሱሀይላ መኪናው ውስጥ ገብታ ጥቂት ቆየችና የእንጨት ታኮ ይዛ ወረደች። ከሹፌሩ ወንበር ሥር ነው ያገኘችው። ታኮ ወደ ውስጥ የሚገባው መኪና ሊንቀሳቀስ ሲል ነው፤ የውጭ ሰው አውጥቶ ከሹፌር ወንበር ሥር አያስቀምጥም። ጋሽ ጀላል ዋሽተውናል።

ያን ቀን ያሰብኩትን አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል። ሚስት 'አልሄድም' አለች፣ ባል ተናደደ፣ ኋላ ማርሽ አስገባ። ሰው ከዚህ ባነሰ ምክንያት ሲገድል አይቻለሁ።

የሐዘኑ ቤት ደሴ፣ ልጃቸው ፊርደውስ ዘንድ ነው። የሐረጎን ዳገት እየተጠማዘዝን ስንወጣ ብርዱ በመስኮት ገባ፤ እኔና ሱሀይላ ሳንነጋገር ደረስን። ጋሽ ጀላል ድንኳኑ ውስጥ ከሽማግሌዎች ጋር ተቀምጠዋል፤ ዱዓ ይደረጋል። ዱዓው እስኪያልቅ ብለን ፊርደውስን ወደ ጓሮ ጠራናት። ፒያሳ ልብስ ቤት ተቀጥራ የምትሠራ፣ ዓይኗ በለቅሶ ያበጠ ወጣት ሴት ናት።

"ይቅርታ አድርጊልኝ፣ በዚህ ሰዓት መጠየቅ አልነበረብኝም። እናትሽ መሄድ አልፈለጉም ነበር?"

"እማዬ?" ልትስቅ ምንም አልቀራትም። "አልሄድም ያለው አባዬ ነው! ጆሮዬ እየባሰ ነው፣ አንድ ቀን ሰው ላይ እወጣለሁ አላት። እሷ ናት እምቢ ያለችው። የኮምቦልቻ ብርድ አጥንቴን ጨረሰው፣ ባሕሬን አትከልክለኝ፣ ጆሮህ እኔ ነኝ አለችው። እሷ ካለች አለቀ፤ እሱ መቼ እምቢ ብሏት ያውቃል? ልሰናበታቸው ብዬ ኮምቦልቻ አብሬያቸው ነበር ያደርኩት።"

የገነባሁት ታሪክ በአንድ ጊዜ ፈረሰ። ሚስቱን ሊጎዳ የፈለገ ባል እዚህ ታሪክ ውስጥ የለም። ለወጉ ያህል አንድ ጥያቄ ጨመርኩ።

"ጠዋት እንዴት ተለያያችሁ?"

"እማዬ ታኮዋን ለአባዬ አቀበለችው፣ ሳመችኝ፣ 'በሰላም ግቢ' አለችኝ። እኔ ቦርሳዬን ልወስድ ወደ ክፍሉ ተመለስኩ። ስወጣ ገብታ የተቀመጠች መስሎኝ፣ የሥራ ሰዓት ረፍዶብኛል፣ ጎኑን መታ መታ አድርጌ 'በሰላም ግቡ!' ብዬ በጓሮው በር ሮጥኩ። ሚኒባስ ውስጥ እያለሁ ነው የተደወለልኝ።" እንባዋ መጣ። "ዞሬ እንኳ አላየኋትም። ይቺን ሻሽ ከጅቡቲ ያመጣችልኝ እሷ ናት፤ ለራሷም ለኔም አንድ ዓይነት። ኢንስፔክተር፣ ብሩ ነው የገፋው አይደል? በአላህ ንገረኝ፤ እሱ ነው?"

የጋሽ ጀላል ቃል ትዝ አለኝ። ሁለት ጊዜ ከመታች ና ነው። አረጋሽ ዷ ዷ ስትል የነገረችኝ ግጭቱን አልነበረም።

"ምርመራው አላለቀም" ያለቻት ሱሀይላ ነች።

ከሰዓት ጋሽ ጀላል የሚስታቸውን ልብስ ለሰደቃ ሊያወጡ ወደ ኮምቦልቻ መውረድ ፈለጉ። እኛ ወሰድናቸው። በመንገድ አንዳች አልጠየቅኳቸውም። ቅጥቅጡ ውስጥ ገብተው ቁምሳጥኑን ከፍተው ቀሚሶቹን አንድ በአንድ ሲያጥፉ ቆምኩና በሩን ዘጋሁ።

"ጋሽ ጀላል፣ መሬቱ ወደ ግንቡ ነው የሚያዘቀዝቀው። ታኮውም ወንበርዎ ሥር ነበር።"

እጃቸው ቀሚሱ ላይ ቆመ።

"ፊርደውስንም አነጋግሬያታለሁ። እንዴት እንደተሰናበተቻችሁ ነገረችኝ።"

አልጋው ላይ ተቀመጡ። "ነገርካት?"

"አልነገርኳትም።"

"ማልልኝ።"

"እውነቴን ነው፤ አልነገርኳትም።"

ቀሚሱን አንስተው ፊታቸው ላይ አደረጉት። ከዚያ እንደ ሕፃን አለቀሱ። ሽማግሌ ሲያለቅስ የት እንደማይ አላውቅም፤ አሸዋማውን ምንጣፍ አየሁ።

"ሁለት ጊዜ ተመታ" አሉ። "በስፖኪዮ ሻሿን አየሁ። ረሂማ ከጎን ቆማለች፣ ኋላው ነጻ ነው አልኩ። ማርሽ አስገባሁ። ከበደኝ፤ ቆምኩ። ስወርድ ረሂማ ከኋላ ናት። ቀና ስል ያው ሻሽ በጓሮው በር እየወጣ ነው። ያን ጊዜ ነው ማን እንደመታው የገባኝ። ልጄ እየሮጠች ነበር ልጄ፣ ሥራዋ ረፍዶባት።"

"ታኮውን ሰው አወጣው ለምን አሉን?"

"ታዲያ ምን ልበል? እናትሽን የገደላት የስንብት እጅሽ ነው ልበላት? ገና ወጣት ናት። ነገ ታገባለች፣ ትወልዳለች፣ ይሄን ይዛ ነው የምትኖረው? መኪናው ተንሸራተተ ካልኩ ማንም አይጠየቅም ብዬ ነበር፤ ከአፌ 'ሰው' የሚል ወጣ።"

"ብሩ ታስሯል።"

"ሰምቻለሁ።" ዓይናቸውን ከኔ ሸሹ። "ምንም ስላላገኛችሁበት ትለቁታላችሁ ብዬ ዝም አልኩ። ያ ረቢ፣ የሰው ልጅ ታስሮ ዝም አልኩ።"

"ሚስቱ ሕፃን አዝላ ጣቢያው በር ላይ ናት። ትናንትም ዛሬም።"

ይሄን ሲሰሙ የቀሩትን ቀሚሶች ሳያጥፉ አስቀመጡና ተነሱ። ኮፍያቸውን አስተካከሉ።

"ውሰደኝ" አሉ። "ቃሌን ልስጥ። ግን የምሰጠውን ቃል እንደሰጠሁት ጻፍልኝ። አፈር ስሆን።"

ጣቢያ ውስጥ እኔ ጠየቅኩ፣ ሱሀይላ ጻፈች።

"ሞተሩን ያስነሱት መቼ ነው?"

"ጠዋት። ልጄ ከሄደች ከቆየች በኋላ።"

ሱሀይላ እስክሪብቶዋን አንስታ አየችኝ።

"ምልክት የሰጠዎት ሰው ነበር?"

"ማንም አልነበረም። ረሂማ እስክትመታልኝ መጠበቅ ነበረብኝ። ቸኮልኩ። ኋላዬን ሳላይ፣ ምልክት ሳልጠብቅ ኋላ ማርሽ አስገባሁ። ከዚያ ፈርቼ ታኮውን ሰው አወጣው ብዬ ዋሸሁ። ብሩ የሚባለው ሰው ምንም አላደረገም።"

ፈርመው ወደ ኮሪደሩ ሲወጡ ሱሀይላ በሩን ገፋ አድርጋ ዘጋችው።

"ኢንስፔክተር፣ ይሄ እውነት አይደለም።"

"አውቃለሁ።"

"በፍርድ ቤት 'ምልክት ተሰጥቶኝ ነው' ቢሉ ይቀልላቸው ነበር። በዚህ ቃል ግን ጥፋቱ በሙሉ የሳቸው ነው።"

"እሱንም ያውቃሉ።"

ወረቀቱን አገላበጠችው። "እኛ ጠየቅናቸው፤ የነገሩንን ጻፍን" አለችና ከፋይሉ ውስጥ አስገባችው። ድምፅዋ ጥሩ አልነበረም። ወይዘሮ አረጋሽ ዷ ዷ የሚለውን ገና ለፍርድ ቤት እንድትናገር አልተጠየቀችም፤ እኔም ልጠይቃት አልፈለግኩም።

ብሩን ለቀቅነው። ሲወጣ የዚያን ጠዋት የት እንደነበረ ራሱ ነገረኝ፤ የተሰረቀ መሆኑን እያወቀ የውሃ ጉድጓድ ክዳን ሲገዛ ነበር። ለዚህ ብሎ የነፍሰ ገዳይ ስም ሊሸከም! ልሰድበው አፌን ከፈትኩና እየሩስን ሳያት ዘጋሁት። ሕፃኑን ከጀርባዋ አውርዳ ለአባቱ ሰጠችው፣ ጋሽ ጀላልን ግን ቀና ብላ አላየቻቸውም። እሳቸው ተነስተው "አውፍ በለኝ፣ ወንድሜ" አሉት። ብሩ ቆም አለ። ራሱን ነቀነቀና ሚስቱን ተከትሎ ሄደ።

ፊርደውስ ከደሴ የደረሰችው ያን ጊዜ ነው። በስልክ ሰምታለች። ኮሪደሩ ውስጥ አባቷ ፊት ስትቆም ያ ሻሽ ትከሻዋ ላይ ወርዷል።

"አባዬ፣ ውሸት ነው በለኝ።"

"እውነት ነው ልጄ።"

"አንተ ነህ የነዳኸው?"

"እኔ ነኝ።"

"ከኋላ እንዳለች እያወቅክ?"

"አላየሁም። መጠበቅ ነበረብኝ።"

"ዕድሜህን ሙሉ ነድተህ! ጆሮህ እኔ ነኝ አላለችህም? አንዲት ደቂቃ መታገሥ አቃተህ? ጭራሽ ደግሞ ሰው አሳሰርክ!"  ቀጥሎ የተናገረችው በዝግታ ነው። "እኔ ከሄድኩ በኋላ ነው?"

 ሱሀይላ ከጎኔ ፋይሉን አጥብቃ አቀፈችው።

ጋሽ ጀላል ቀና አሉና ልጃቸውን ዓይን ዓይኗን አዩዋት። ከዚያ በፊት ሲዋሹ አይቻቸዋለሁ፤ አይችሉበትም። ያን ቀን ግን ቻሉበት።

"አንቺ ከሄድሽ ቆየ። እናትሽ ሻይ ጠጥታ፣ ሚኒባስ አግኝታ ይሆን እያለች ስታወራ ነበር።"

"ስለኔ?"

"ስላንቺ።"

ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ስትገልጠው የምታየው አባቷን አልነበረም፤ አንድ የማታውቀውን ሽማግሌ ነው።

"ለእማዬ ዱዓ አደርጋለሁ" አለች። "ላንተ ግን አልችልም። እንዳትደውልልኝ። ብትሞትም አልመጣም።"

ዞራ ወጣች። እሳቸውም አልጠሯትም። ተከትያት ልሄድ፣ ክንዷን ይዤ ልንገራት አንድ እርምጃ ተራመድኩ። ጋሽ ጀላል ክንዴን ያዙኝ። በዚያ ዕድሜ ያን ያህል ጉልበት ይኖራቸዋል ብዬ አልጠበቅኩም።

በሩ ከኋላዋ እስኪዘጋ ጠበቁ። ከዚያ ለቀቁኝና ግድግዳውን ተደግፈው ቀስ ብለው ተቀመጡ። ጉንጫቸው ረጥቧል፤ ፊታቸው ግን ከባድ ሸክም ያወረደ ሰው ፊት ነበር።

"አየህ?" አሉኝ። "እኔን ብቻ ነው የጠላችው። አልሀምዱሊላህ።"